ስቴንቱ በልኩ ተከፍቷል ወይ?

በሰርግም በለቅሶም ስንገናኝ ከምንሰማው ወሬ አንዱ «እገሌ ጽንቱር ተደረገለት» የሚል ሆኗል። አገር ቤት ሳለን የስኳርና የደም ግፊት ነገር በየቤቱ የሚነሳ አልነበረም። እዚህ ከገባን በኋላ እንጀራው በነጭ ዱቄት ተደባለቀ፣ ጣፋጭ መጠጡ በዛ፣ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ይል የነበረው እግርም አውቶቡስ ለመደ። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች ከኢትዮጵያ በመጡ ወገኖቻችን ላይ የስኳር በሽታ በአገሩ በቆዩ ቁጥር እየጨመረ መሄዱን አሳይተዋል። ስኳርና ግፊት ባሉበት ቤት ደግሞ የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ ሩቅ አይደለም።

እናም ጽንቱር ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን በግርድፉ እናውቃለን። በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፣ የጠበበው ቦታ ላይ ፊኛ ይነፋሉ፣ ስቴንት የሚባለውን የሽቦ መረብ ያስቀምጣሉ፣ ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ይገባል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሽቦው ከገባ በኋላ በልኩ መከፈቱን፣ ግድግዳውን አጥብቆ መያዙን ሐኪሙ በምን ያውቃል? አንደኛው መንገድ ከውጭ በራጅ የሚታየው ጥላ ነው። ሌላው ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ በድምፅ የሚያይ መሣሪያ ነው። ሐኪሞቹ አይቫስ ይሉታል፤ የደም ቧንቧ የውስጥ አልትራሳውንድ ማለት ነው። ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ስለ እሱ ነው።

ጥላ አይቶ መፍረድ

የልብን ጡንቻ ራሱን ደም የሚያጠጡት ቧንቧዎች በልብ ላይ ተጠምጥመው ያሉ ናቸው። ከግራ የሚነሳው ዋናው ቧንቧ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ በቀኝ ደግሞ ሌላ አለ። ውፍረታቸው አገር ቤት ከምናውቀው የስንዴ አገዳ ብዙ አይበልጥም፤ መነሻቸው አካባቢ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

እነዚህን ቧንቧዎች በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለይቶ ማየት የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1958 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሜሰን ሶንስ የተባለ ሐኪም ለሌላ ምርመራ ያስገባው ቱቦ ወደ ልብ ቧንቧ ገብቶ ቀለሙ እዚያ ፈሰሰ። የታማሚው ልብ ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ ተመለሰ፤ ፊልሙ ላይ ግን ቧንቧው ቁልጭ ብሎ ታየ። በ1977 ደግሞ አንድሬያስ ግሩንትዚግ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲለፋበት የቆየውን ትንሽ ፊኛ ዙሪክ ከተማ ላይ በአንድ የ38 ዓመት ሰው የልብ ቧንቧ ውስጥ ነፋ። ፊኛ የከፈተው ቧንቧ አንዳንዴ ተመልሶ ስለሚዘጋ፣ በ1986 በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ የመጀመሪያዎቹ ስቴንቶች ገቡ። እስራኤልም በዚህ እጇ አለበት፤ በ1992 የተቋቋመው መዲኖል የተባለው የዚህ አገር ኩባንያ የሠራው «ኒር» የሚባል ስቴንት በ1990ዎቹ በብዙ አገሮች ሐኪሞች እጅ ነበር።

የሶንስ ዘዴ ዛሬም የጽንቱር መሠረት ነው። ቀለሙ፣ እዚህ ሖሜር ኒጉድ የሚሉት፣ ይረጫል፤ ራጅ ይነሳል፤ ቀለሙ ያለፈበት መንገድ ይታያል። ልብ በሉ፤ የሚታየው ቀለሙ ነው እንጂ ቧንቧው አይደለም። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ጥላው መሬት ላይ ሲወድቅ ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ልብሱ በልኩ ይሁን የተንዘላዘለ ከጥላው ለመናገር ግን ያስቸግራል። ራጁም እንዲሁ ነው። ክፍት የሆነውን መሐል ያሳያል። የግድግዳውን ውፍረት፣ በግድግዳው ውስጥ የተኛውን ቅባት፣ ሽቦው ግድግዳውን ነክቶ ይሁን ተንሳፍፎ አያሳይም። ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የጠበበ ከሆነማ የባሰ ነው፤ የሚነጻጸርበት ጤነኛ ቦታ ስለሌለ «ተፈጥሮው ቀጭን ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ሚላኖ ላይ የታየው

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስቴንት ከገባላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በቀናት ውስጥ ስቴንቱ ላይ ደም ይረጋባቸው ነበር። ስቴንት ላይ ደም ረጋ ማለት ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ሄትኬፍ ሌቭ፣ መጣ ማለት ነው። ያን ለመከላከል ኩማዲንን ጨምሮ ከባድ ደም ማቅጠኛ ይሰጣቸው ነበር፤ በዚህም ሳቢያ ደም የሚፈሳቸው ብዙ ነበሩ።

ጣሊያን ሚላኖ የሚሠራው አንቶኒዮ ኮሎምቦና ባልደረቦቹ አይቫስ አስገብተው ሲያዩ፣ በራጅ «ጥሩ ነው» ከተባሉት ስቴንቶች ብዙዎቹ በልካቸው አልተከፈቱም። በሽቦውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ነበር፤ ወይም መሐል ወገባቸው ላይ ጠበው ቀርተዋል። ፊኛውን በበለጠ ኃይል ነፍተው ሽቦውን ሲያስተካክሉት፣ ከባዱ ደም ማቅጠኛ ሳያስፈልግ ታማሚዎቹ በአስፕሪንና በመሰል ክኒን ደኅና ሆኑ። ጥናቱ በ1995 ታተመ። ፊኛውን በከፍተኛ ግፊት መንፋት፣ ከስቴንትም በኋላ ኩማዲኑን ትቶ በክኒኖች መከታተል የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ አይቫስ በዓይኑ ያላየ ታማሚ ሁሉ ዛሬ ከእሱ ከተገኘው ዕውቀት ድርሻ አለው።

የሸክላ ሠሪዋ ጣት

ወለቃም ሆነ ሌላ ቦታ እናቶቻችን ሸክላ ሲሠሩ ያየ ሰው ይህን መሣሪያ ለመረዳት አይቸገርም። ማሰሮው ከእሳት ከወጣ በኋላ በጣት ጫፍ መታ መታ ይደረጋል። ደኅናው ማሰሮ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ደግሞ የታፈነ። ዓይን ያላየውን ጆሮ ይናገራል።

አይቫስም ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን የሚያዳምጥ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20 ሺህ የሚደርስ ንዝረት ነው፤ ይህ መሣሪያ የሚልከው ከ20 እስከ 60 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ድምፁን ማንም አይሰማውም፣ ሕመምም የለውም። እርጉዝ ሴት ሆድ ላይ የሚደረገው አልትራሳውንድ የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ይህኛው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ቱቦ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቧንቧው ውስጥ ራሱ መግባቱ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒኮላስ ቦም ሮተርዳም ላይ ሐሳቡን ጀመረው፤ በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ፖል ዮክ ለልብ ቧንቧ የሚመች አደረገው።

አሠራሩ ብዙ ውስብስብ አይደለም። ሐኪሙ ቱቦውን ከጠበበው ቦታ አሳልፎ ያስገባውና በሞተር ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሽንኩርት በአግድሙ ሲቆረጥ እንደምታዩት ክብ በክብ ነው። መሐሉ ደም የሚያልፍበት፣ ቀጥሎ የተከማቸው ነገር፣ ከዚያ ድርብርቡ ግድግዳ። ለስላሳው ቅባት ጠቆር ይላል። ጠጣሩ ካልሲየም ግን ነጭ ሆኖ ያበራና ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል።

ይህ ካልሲየም ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ውሃ በምናፈላበት ኩምኩም ውስጥ የሚለጠፈውን ነጭ አቫኒት አስቡት። በዕድሜ በገፉ፣ በተለይም ስኳርና የኩላሊት ችግር ባለባቸው ሰዎች ቧንቧ ውስጥ እንዲያ ያለ ድንጋይ ይጋገራል። ዙሪያውን ከከበበው ፊኛ ቢነፋም ቧንቧው አይለጠጥም፣ ስቴንቱም ታንቆ ይቀራል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካየ፣ ስቴንቱን ከማስገባቱ በፊት እንደ መሰርሰሪያ እየተሽከረከረ የሚፍቅ መሣሪያ፣ ወይም በድምፅ ግፊት ድንጋዩን የሚሰነጣጥቅ ልዩ ፊኛ ይጠቀማል። ታንቆ የተቀመጠ ስቴንት ነቅሎ ማውጣት ደግሞ እንደ ሌላ ነገር ቀላል አይደለም፤ እዚያው ነው የሚኖረው። ልብስ ሰፊ ቢሆን «ካልሆነ እንፈታዋለን» ይላል፤ እዚህ ግን መፍታት የለም።

ግማሽ ሚሊ ሜትር

በቁጥር እንየው። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዲኖረው የታሰበ ስቴንት ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደም የሚያልፍበት ቀዳዳ 7 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 2.5 ላይ ከቀረ 5 ካሬ እንኳ አይሞላም። በራጁ ጥላ ላይ እዚህ ግባ የማይባል ልዩነት ነው፤ ከደሙ መንገድ ግን ሲሶው ሊሆን ምንም አልቀረው። በአይቫስ የሚሠሩ ሐኪሞች በአብዛኞቹ ቧንቧዎች ቢያንስ ከ5 እስከ 5.5 ካሬ ሚሊ ሜትር እንዲከፈት ይፈልጋሉ፤ በዋናው የግራ ቧንቧ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ። ካልደረሰ፣ ታማሚው ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ ጠንከር ያለ ፊኛ አስገብተው ይጨርሱታል። የስቴንቱ ሁለት ጫፎች ጤናማ ቦታ ላይ ማረፋቸውን፣ ጫፉ ላይ ግድግዳው አለመቀደዱንም ያያሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለሰውየው ምን ለወጠለት? በ2015 የታተመ የደቡብ ኮሪያ ጥናት 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያለው ስቴንት የሚያስፈልጋቸውን 1,400 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። በአንድ ዓመት ውስጥ በራጅ ብቻ ከተሠራላቸው ከመቶ 5.8ቱ ከባድ ችግር ገጠማቸው፤ በልብ ምክንያት መሞት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ወይም ያው ቦታ ጠቦ እንደገና መከፈት። በአይቫስ ከተሠራላቸው 2.9ቱ ብቻ። በ2018 የወጣ የቻይና ጥናት 1,448 ሰዎች ይዞ ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ እነዚያኑ ሰዎች እስከ 3 ዓመት ሲከታተላቸውም ልዩነቱ አልጠፋም፤ 10.7 ከመቶ በራጅ፣ 6.6 ከመቶ በአይቫስ። በ2024 ደግሞ አጣዳፊ የልብ ሕመም ይዟቸው በመጡ 3,505 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት 7.3 የነበረው ወደ 4 መውረዱን አሳየ። በዚያ አንድ ዓመት በሞት ቁጥር ላይ ግን ልዩነት አልታየም፤ የቀነሰው ድጋሚ ሕመሙና ድጋሚ ጽንቱሩ ነው።

ሦስት ከመቶ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። በሌሊት ለሁለተኛ ጊዜ አምቡላንስ የጠራ ቤተሰብ ግን እንዲያ አይልም። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበርም በ2024 መመሪያው፣ ጥበቱ ውስብስብ በሆነበት ቦታ፣ በተለይ በዋናው የግራ ቧንቧ፣ ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት መንታ ቦታና ረጅም በሆነ ጥበት ላይ ከውስጥ እያዩ መሥራትን በጠንካራው ደረጃ መክሯል። አሜሪካኖቹም በ2025 ለአጣዳፊ የልብ ሕመም ባወጡት መመሪያ ተመሳሳይ ነገር ብለዋል።

ለእኛ ወገኖች አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ኩላሊት። ስኳር ለብዙ ዓመት የኖረበት ሰው ኩላሊቱም ይደክማል፣ ሖሜር ኒጉዱ ደግሞ የደከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። አይቫስ ቀለም አይፈልግም። በ2014 በታተመ የብራዚል ጥናት ሐኪሞች በአይቫስ ሲመሩ የተጠቀሙት ቀለም 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ በራጅ ብቻ ሲሠሩ ግን 64 ገደማ ነበር። ኦሲቲ የሚባል በብርሃን የሚያይ ሌላ መሣሪያም አለ፤ ሥዕሉ እጅግ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ደሙን ገለል ለማድረግ ብዙውን ጊዜ ቀለም መርጨት ይጠይቃል። ስለዚህ ኩላሊታቸው የደከመ አባት ወይም እናት ያሏችሁ፣ ይህን ከጽንቱሩ በፊት ለሐኪሙ አንሱት።

ታዲያ ለምን ለሁሉም አይደረግም? ቱቦው ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል ነው፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። ሥዕሉን አንብቦ ለመፍረድም ሥልጠና ይፈልጋል። ደግሞም ሁሉም ሰው አያስፈልገውም፤ ጥበቱ አጭር፣ ቧንቧው ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ልምድ ያለው ሐኪም በራጅ ብቻ በደንብ ሊሠራው ይችላል። «ለእኔ አልተደረገልኝም፣ ስቴንቴ ተበላሽቷል» ብሎ መጨነቅ ተገቢ አይደለም። ሄትኬፍ ሌቭ ይዞት ሚዩን የገባ ሰው ቤተሰብም ስለ መሣሪያ ክርክር አይጀምር፤ እዚያ ላይ ዋጋ ያለው ደቂቃው ነው።

ከመፈረም በፊት

ቀጠሮ ተይዞለት የሚደረግ ጽንቱር ግን ሌላ ነው። ጊዜ አለ፣ መጠየቅ ይቻላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ቋንቋው ላይ ነው። ሐኪሙ ለልጅየው በዕብራይስጥ አሥር ደቂቃ ያስረዳዋል፣ ልጁ ወደ አባቱ ዞሮ «አባዬ፣ ትንሽ ነገር ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም» ይላል። ልጁ ክፋት የለውም። ዕብራይስጡን ያውቃል፣ «የደም ቧንቧ ግድግዳ» የሚለውን አማርኛ ግን ከየት ያምጣው? አንዳንዱ ደግሞ አባቴ እንዳይደነግጥ ብሎ አደጋውን ይዘልለዋል። በእኛ አስተያየት የልብ ጽንቱር ቶፌስ ልጅ እያስተረጎመ የሚፈረም ወረቀት አይደለም።

በ1996 የወጣው የታማሚ መብት ሕግ ሐኪሙ በሽታውን፣ ሕክምናውን፣ አደጋውንና ሌላ አማራጩን ታማሚው ሊረዳው በሚችል መንገድ እንዲነግረው ያዛል። ሌላ ሐኪም አማክሮ ሁለተኛ አስተያየት ማግኘትም በዚያው ሕግ ያለ መብት ነው። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ለታማሚው ቋንቋውን እንዲያመቻቹ አዟል፤ አማርኛን ጨምሮ በስልክ የሚያስተረጉም አገልግሎትም አለ። ስለዚህ ቶር ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ማስመዝገብ ነውር አይደለም፤ ሜጋሼር ያለበት ክሊኒክ ከሆነም ሜጋሼሩን ይጥሩት።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ጥያቄው አጭር ነው። በዕብራይስጥ «ሀኢም ቲሽታምሹ በአይቫስ?» ይበሉ፤ በአይቫስ ትጠቀማላችሁ ወይ ማለት ነው። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። «በእርስዎ ሁኔታ አዎ፣ ጥበቱ ረጅም ነው» ወይም «አያስፈልግም፣ በዚህ በዚህ ምክንያት» ይላል። ሁለቱም መልስ ነው። ምክንያቱን አስረዱኝ ማለትም ይቻላል። ኩላሊትዎ የደከመ እንደሆነ፣ ኩማዲን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ፣ ለመድኃኒት ወይም ለቀለም አለርጂ እንዳለብዎ ያን ጊዜውኑ ይንገሩ። ሕመሙን ሲናገሩም እጅዎን ቦታው ላይ ያድርጉ። በአማርኛችን «ልቤን» ስንል አንዳንዴ ሆድን፣ አንዳንዴ ሐዘንን ማለታችን ነው፤ አስተርጓሚው «ሌቭ» ብሎ ካሳለፈው ሐኪሙ ሌላ ነገር ይገባዋል።

ስቴንቱ ከገባ በኋላ

በአይቫስ እጅግ ተስተካክሎ የገባ ስቴንትም ቢሆን ክኒኑ ከተቋረጠ ደም ሊረጋበት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ አስፕሪንና አንድ ሌላ፣ ለምሳሌ ፕላቪክስ ወይም ብሪሊንታ፣ አብረው ይታዘዛሉ፤ ለብዙዎች 6 ወር፣ ድንገተኛ ሕመም ለነበረባቸው ደግሞ እስከ 12 ወር። ጊዜውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጥርስ ሊነቀል ነው ብሎ፣ ድድ ደማ ብሎ፣ ደህና ሆኛለሁ ብሎ በራስ ማቆም አደገኛ ነው። አስተሰርዮ ወይም ሲግድ ሲደርስ ጾሙን እንዴት እንደሚያደርጉ፣ ክኒኑንም በስንት ሰዓት እንደሚውጡ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪሙን ይጠይቁና መልሱን ይዘው ወደ ቄሱ ወይም ወደ ረቢው ይሂዱ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ዶኽ ጽንቱር የሚባለውን የጽንቱሩን ዝርዝር ወረቀት ይጠይቁ፤ መዝገብዎን ማግኘት መብትዎ ነው። እዚያ ላይ የትኛው ቧንቧ እንደተሠራ፣ የስቴንቱ ርዝመትና ስፋት በሚሊ ሜትር፣ አይቫስ ተደርጎ እንደሆነም ይጻፋል። አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ ሐኪሙ ይስጡ፤ ሌላውን ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩ፤ በልጆችም ስልክ ፎቶው ይቀመጥ። ደረት ያፈነ፣ ትንፋሽ ያጠረ፣ ላብ ያጠመቀ ዕለት 101 ይደውሉ፤ ለሚመጣው የአምቡላንስ ሰው መጀመሪያ የምታሳዩት ያን ወረቀት ነው።